ታፔላህን ውሰድ

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የፎቁ ጥበቃ ናቸው። እሳቸው ሲደውሉ «እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደህና» የሚባል ነገር የለም። ካርድ ይቆጥባሉ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው።

«ታፔላህን ውሰድ። ሊጥሉት ነው።»

የቱን ታፔላ? ሱቄን ከዘጋሁ 7 ዓመት አልፎኛል። «ጋሼ፣ ይጣሉት በቃ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ታፔላውን ያሠራሁበት ብር ትዝ አለኝ። ያኔ የሁለት ወር ደሞዜ ነበር። ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ አልኳቸው።

የፎቁን ስም አልጽፍም። የባለቤቱ ልጆች እዚሁ ጅማ ናቸው፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። የጅማ ሰው ከሆናችሁ ትገምታላችሁ። ካልሆናችሁም ያደጋችሁበት ከተማ እንዲህ ያለ አንድ ፎቅ አያጣም። እኛም በስሙ ጠርተነው አናውቅም። «ፎቁ» ነበር የምንለው። «የት ነህ?» «ፎቁ ጋ።» ሌሎች ፎቆች ሲሠሩም እሱ ብቻ ፎቁ ሆኖ ቀረ።

የተመረቀው የሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። 1999 አልቆ 2000 ሊገባ፣ አገሩ ሁሉ ቀለም ሲቀባ። ባለ 4 ፎቅ፣ ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት። ያኔ ሰማያዊ መስታወት ካለው ዘመናዊ ነው፣ ሌላ መለኪያ አልነበረንም። ሊፍትም ነበረው። ሊፍቱ ሲሠራ ያየሁት በምርቃቱ ቀን ብቻ ነው። ያውም እንግዶቹን ይዞ ሲወጣ። ሲወርዱ በደረጃ ነው የመጡት።

ምድር ላይ በረንዳው ሰፊ የሆነ ካፌና ሁለት ቡቲክ። አንደኛ ፎቅ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ኮስሞቲክስ። ሁለተኛ ላይ ኢንተርኔት ካፌ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ አንድ ልብስ ሰፊና እኔ። ሦስተኛው ላይ ከረንቡላና ፑል። ከሁሉ በላይ ያለው አዳራሽ ነበር። አዳራሹ በሳምንቱ መሀል ስብሰባና ምርቃት ይከራያል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሲኒማ ነው።

የኔ ሱቅ 3 ሜትር በ4 ሜትር ነበረች። ሲዲና ቪሲዲ እሸጣለሁ፣ አከራያለሁም። ብዙ ሰው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሱቅ መክፈቴን ሲሰማ አዘነልኝ። የጅማ ሰው ደረጃ ወጥቶ ዕቃ አይገዛም አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ወጥቶ አይገዛም። ወርዶ ግን ይገዛል።

ይህን የተረዳሁት በመጀመሪያው ወር ነው። እሁድ 10 ሰዓት የገባው ፊልም 12 ሰዓት ገደማ ያልቃል። አዳራሹ ይከፈትና 200 ሰው አንድ ላይ በደረጃው ይወርዳል። ሱቄ ደግሞ ደረጃው የሚያርፍበት ፊት ለፊት ናት። አሁን ያዩት ፊልም ዋና ተዋናይ ከዚህ በፊት የሠራውን ፊልም ፖስተር በር ላይ ለጥፌ እጠብቃለሁ። ሴቶቹ አንድ ደረጃ ወርደው ኮስሞቲክስ ቤት ይቆማሉ። ጥንዶቹ ፎቶ ቤት ይገባሉ፤ መቼም ፊልም አይተው የወጡ ጥንዶች ያን ሰዓት የማይፋቀሩ የሉም። የቀረው ካፌው ላይ ይፈሳል። ሲኒማው ራሱ ይህን ያህል የሚያተርፍ አይመስለኝም። ትኬቱ ርካሽ ነበር፣ ፊልሙን ይዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰውም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። እኛን ግን ያበላን ያ አዳራሽ ነው። የታችኞቹ ሁሉ ከሱ በሚወርደው ሰው ነበር የምንኖረው።

ፊልሙን ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ፊልሙ ያለበትን ሃርድ ዲስክ በጀርባ ቦርሳ ይዞ ነው የሚዞረው። እንዳይቀዳበት ምሳ ሲበላም ቦርሳውን ጭኑ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሽንት ቤት ሲገባም ይዞት ይገባል። አንዴ «ስትተኛስ?» አልኩት። «አልተኛም» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ እኔንም ይነካል።

አንድ ሰሞን ዩቲዩብ ላይ ስለ ገበያ ማዕከሎች አንድ ነገር አየሁ። በአሜሪካ ጣሪያ የተገጠመለትን የመጀመሪያ የገበያ ማዕከል የነደፈው ቪክቶር ግሩን የሚባል ሰው ነው። የቪየና ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ናዚዎች አገሩን ሲይዙ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ። ማዕከሉ ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፈተ። የሰውዬው ሐሳብ ዕቃ መሸጥ ብቻ አልነበረም። የቪየና ዓይነት የእግር መንገድ፣ ካፌ፣ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ቦታ ነበር የሚፈልገው። ባለሀብቶቹ ሱቁን ወሰዱ፣ ሌላውን ተዉት። በስተርጅና የሠራውን ነገር «የኔ አይደለም» ብሎ ክዶ፣ ወደ ቪየና ተመልሶ እዚያው ሞተ። ይህን ባየሁ ጊዜ የኛን ፎቅ ካፌ ነው ያስታወሰኝ።

ካፌው። እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጅማ ማታ ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚሸት ነገር አለው። እርጥብ አፈር፣ የሚቆላ ቡና፣ የባጃጅ ጭስ። የፎቁ በረንዳ ላይ ከ20 የማያንሱ ጠረጴዛዎች ነበሩ። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በባጃጅ እየተጫኑ ይመጣሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የነበሩት የእርሻ ኮሌጁና የጤና ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። ፎቁ ሲከፈት ገና 10 ዓመት አልሞላውም፣ ግን በየዓመቱ ሰው ይጨምራል። ከመላ አገሪቱ የመጣ ልጅ፣ ኪሱ ባዶ፣ ጊዜው ሙሉ። አንድ ማኪያቶ ለሦስት ይካፈላሉ። ስፕሪስ ያዝዛሉ፣ አቮካዶ ጁስ ያዝዛሉ፣ ከዚያ ውሃ ብቻ እየጠጡ እስከ 3 ሰዓት ይቀመጣሉ። የቡና አገር ላይ ተቀምጦ በወተት የተበጠበጠ ማኪያቶ መጠጣት ምን ይባላል? እኔም እጠጣ ነበር።

ካፌውን የያዘው ሰው አንድ ቀን አብሰልስሎ ነገረኝ። «እነዚህ ልጆች ወንበሬን በሉት» አለ። ሆኖም አያባርራቸውም። ባዶ በረንዳ ላይ ሰው እንደማይቀመጥ ያውቃል። እነዚያ ያልገዙት ልጆች የገዙትን ሰዎች የሚጠሩ ነበሩ። ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣው የቡና ነጋዴ ሞቅ ያለ ቦታ አይቶ ነው የሚቀመጠው። ኬክ በካርቶን የሚወስደው እሱ ነው።

በጅማ ብር የሚመጣው በቡና ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ለቀማው ይጦፋል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ በዙሪያችን ካሉት የቡና አገሮች፣ ከጎማ፣ ከሊሙ፣ ከማና ገንዘብ ወደ ከተማው ይወርዳል። እስከ የካቲት ድረስ ሱቅ ሱቅ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ተማሪውም ይሄዳል፣ ብሩም ያልቃል፣ ዝናቡም አይለቅ። ሐምሌና ነሐሴ ፎቁ ውስጥ እኛ ባለሱቆች እርስ በርሳችን ነበር የምንሸጣጠው። ፀጉር ሠሪዋ ከኔ ፊልም ትከራያለች፣ እኔ ከልብስ ሰፊው ሱሪዬን አሳጥራለሁ። ያኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ ቤት በ4 ወር ገቢ 12 ወር መኖር እንዳለበት ነው። ኪራዩ ግን 12 ወር ነው። ያውም የ6 ወሩ በቅድሚያ።

መብራቱም አለ። ግልገል ጊቤ 1 በ1996 ዓ.ም. ነው ማመንጨት የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት፣ እዚሁ ደጃችን። መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኞቼ ይህን እያነሱ ይቀልዱ ነበር። እኛ ግን ቀልዱ አልገባንም። ፎቁ አንድ ጄኔሬተር ነበረው። የናፍጣው ወጪ ለሁሉም ይካፈላል ተባለ። ሲካፈል ግን ያልሠራው ሊፍትም ድርሻ ነበረው።

ወደ ሃርድ ዲስኩ ሰውዬ ልመለስ።

እኔ ፊልም ቀድቻለሁ። እሱን ሃርድ ዲስክ አይደለም፣ እሱን ማንም አልደረሰበትም። ፊልሙ ከሲኒማ ወርዶ በቪሲዲ ሲወጣ አንድ ኦሪጂናል እገዛና በኮምፒውተር አባዛለሁ። መጀመሪያ በባዶ ሲዲ። ኋላ ላይ ሲዲውም ቀረ። «ፍላሽ ላይ ጫንልኝ» መጣ። ከዚያ «ሚሞሪ ላይ ጫንልኝ»። አንድ ሰው በጥቂት ብር 10 ፊልም ይዞ ይሄዳል፣ ያ ሰው ለሰፈሩ በሙሉ ይሰጣል። ሁሉም ያደርገው ነበር ብል እውነት ነው፣ ግን አያስተኛም። ሲኒማው ገና እያሳየ ያለውን ፊልም ሱቄ ውስጥ ጭኜ የሸጥኩበት ሳምንት አለ። እዚያው ፎቅ፣ ከአዳራሹ በታች። እሁድ 12 ሰዓት በደረጃው የሚወርዱትን ቆጠርኩ። 40 አይሞሉም። የተቀመጥኩበትን ቅርንጫፍ ራሴ ነበር የምቆርጠው፣ ደግሞም እያተረፍኩ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ጀመረ። ያን ዓመት የነበረ ሰው ያስታውሳል። የቱርክ ድራማ በአማርኛ። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን መንገዱ ጭር ይላል። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿ ከ12 ሰዓት በኋላ እንደማይመጡ ነገረችኝ፣ ቀጥላም እሷ ራሷ ቶሎ መዝጋት ጀመረች። ድራማው እንዳያመልጣት። ኳሱ ቀድሞም ወደ ዲኤስቲቪ ቤቶች ሄዷል። አዳራሹ በዚያው ዓመት ሲኒማ ማሳየቱን አቆመ። ማስታወቂያ አልተለጠፈም። አንድ ቅዳሜ አልተከፈተም፣ በሚቀጥለውም አልተከፈተም።

እዚህ ላይ «ፎቁን የገደለው ስልክና ቴሌቪዥን ነው» ብዬ ባቆም ይቀለኛል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። እኔ ግን አላምንበትም። አዳራሹ ሲዘጋ ፎቁ ታሞ ነበር፣ አልሞተም። ካፌው ነበራ። ሰው ለፊልም ባይመጣም ለሰው ይመጣ ነበር።

የሞተው ባንክ ሲገባ ነው።

ባንክ ምን አጠፋ? ምንም። ኪራይ በደህና ዋጋ ይከፍላል፣ የዓመት የሁለት ዓመት አንድ ላይ ይከፍላል፣ አይጨቃጨቅም። ዛሬ በአገሩ 30 ገደማ ባንክ አለ። ሁሉም ቅርንጫፍ ይፈልጋል፣ ሁሉም መሃል ከተማ ይፈልጋል፣ ሁሉም ምድር ቤት ይፈልጋል። የፎቁ ባለቤት ዕዳ ነበረባቸው። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ካፌው ሦስት ወር ተሰጠውና ወጣ። ቡቲኮቹም ተከተሉ። በረንዳው በመስታወትና በብረት ታጠረ።

ባንክ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነገሩ ይኸው ነው። የጅማ መሃል ከተማ የሚነቃበት ሰዓት ደግሞ 11 ሰዓት ነው። ተማሪው ከክፍል የሚወጣበት፣ ሠራተኛው ከቢሮ የሚወጣበት፣ ዝናቡ የሚያባራበት። ያን ሰዓት የፎቁ ፊት ጠቅላላ ጨለማ ይሆናል። የሚታየው የኤቲኤሙ መብራትና አንድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ነው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መብራት አብርቼ ተቀምጫለሁ፣ ግን ከታች የሚያልፍ ሰው ሕንፃው ተዘግቷል ብሎ ነው የሚያልፈው። አንዳንዴ የራሴ ደንበኛ ደውሎ «ዘጋህ እንዴ?» ይለኛል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሞ። ጠመንጃ በያዘ ሰው በኩል አልፎ ፊልም ለማስጫን ማን ይወጣል?

ኪራዬ ግን ጨመረ። ባንኩ የሚከፍለው ዋጋ የሁላችንም መለኪያ ሆነ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት አሮጌ ሱቆች በዚህ አይነኩም ነበር። የነሱ ታሪክ ከ1967 ዓ.ም. ይጀምራል። ደርግ በዚያ ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። የቀበሌ ሱቅ የያዘ ሰው ከዓመት ዓመት የማይንቀሳቀስ ኪራይ ይከፍላል፣ ወይም ደግሞ ለሌላ አከራይቶ ቤቱ ይቀመጣል። እኔ የምሸጠውን ኢርፎን እሱ በርካሽ ቢሸጠው አይጎዳም። በርግጥ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ማንም አያድሰውም፤ የራሱ ያልሆነውን ማን ያድሳል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ የመኖሪያ ቤትን ብቻ ነው የሚመለከተው። የንግድ ቤት ተከራይ ዛሬም ከአከራዩ ጋር በሽማግሌ ነው።

አባቴ ስለዚህ ሁሉ ስነግረው አይደንቀውም ነበር። «እናንተ አንድ ፎቅ ሞተባችሁ፣ እኛ ስንት ሞቶብናል» ይላል። የሱ ጊዜ ማዕከል ፈረንጅ አራዳ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ጅማን የጋላና ሲዳሞ ብሎ ለጠራው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። በቆየባቸው 5 ዓመታት ያቆማቸው ሕንፃዎች ዛሬም ይታያሉ፣ ማዕዘናቸው የተቆረጠ፣ ደረቅ፣ ወታደር የሚመስሉ። ሲኒማም አንዱ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ የህንድ ፊልም እያየ አልቅሶ ወጥቷል፤ ይህን የሚነግረን እናቴ በሌለችበት ነው። ከፊልሙ በኋላ ፓስቲ ይበሉ ነበር። ልብስ የሚገዛው ከዐረብ ሱቅ ነው። ዐረቦቹ ሄዱ፣ ሱቆቹ ተወረሱ፣ ሲኒማው ደበዘዘ። ያም ሁሉ ሲሆን ማስታወቂያ የለጠፈ የለም።

ከዚህ ሁሉ የማይሞት አንድ ቦታ አለ፣ የሂርማታ ገበያ። ሐሙስ ሐሙስ። ከተማው ራሱ የመጣው ከገበያው ነው፣ ገበያው ከከተማው አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው ከላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ታች ሜዳው ላይ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌ ጨው። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን ዘልለን ስለ ገበያው ማማር ብቻ ስናወራ ደስ አይለኝም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚህ የቆየ አንድ አሜሪካዊ አጥኚ፣ በበጋ ጥሩ ቀን እስከ 30 ሺህ ሰው ይመጣል ብሎ ጽፏል። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 120,960 ነበር። የዚያ ሩብ ማለት ነው፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ሜዳ ላይ፣ ያውም ከቆጠራው 50 ዓመት ገደማ በፊት።

እኔ ሱቅ እያለኝም ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ እሄድ ነበር። ጫማዬን የምገዛው እዚያ ከሰልባጁ ነው። «ሜቃ?» እላለሁ፣ ስንት ነው ማለቴ ነው፣ ሻጯ ዋጋ ትጠራለች፣ እኔ ግማሹን እጠራለሁ፣ ትስቃለች፣ ጥዬ እሄዳለሁ፣ ትጠራኛለች። ከዶዮ የመጣች ሴት ቅቤ ታስቀምሰኛለች፣ ሳልገዛ ማር እቀምሳለሁ፣ ሳልገዛ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። የክፍል ጓደኛዬን አገኛለሁ። ሙሉ ቀን ምንም ሳይገዛ የዋለ ሰው ማንም አያፍርበትም። በፎቁ ግን ሳይገዛ የሚቀመጥ ሰው ችግር ነው። ወንበሩ ኪራይ አለበት። ሂርማታ ላይ ሲኒማውም ገበያውም አንድ ነው፣ ትኬትም የለውም። ልዩነታችን ይህ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

እና የፎቁ ባለሱቅ ራሱ ጫማውን ከሂርማታ ከገዛ፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ መርካቶ ካመጣ፣ ፊልሙን በነፃ ከቀዳ፣ ማኪያቶውን ለሦስት ከተካፈለ፣ ማን ነበር ያ ፎቅ ላይ የሚገዛው? ይህን ጥያቄ በ10 ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

የዘጋሁት በ2010 ክረምት ነው። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን የወሰደበት ክረምት። ከተማው በሆታ ሲናወጥ እኔ መደርደሪያ እፈታ ነበር። ሕዝቡ እየዘፈነ በፎቁ ፊት አለፈ። መስኮቱ ላይ ቆሜ አየሁ፣ ከዚያ ዕቃዬን ትቼ ወርጄ ገባሁበት። እስከ እኩለ ሌሊት ጨፈርኩ። የሱቅ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከኔ በኋላ ያለውን በሩቅ ነው የማውቀው። በ2012 በኮሮና ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ፕሌይስቴሽን ቤቱም ዘጋ። ኮስሞቲክሷ ወደ ቴሌግራም ገባች። አሁን ሱቅ የላትም፣ ቻናል አላት። ፎቶ ትለጥፋለች፣ ሰው በቴሌብር ይከፍላል፣ ዕቃውን ባጃጅ ያደርሳል። ባለፈው አግኝቻት «ኪራይ የለም፣ ጄኔሬተር የለም፣ ያ ሊፍት የለም» አለችኝና ተሳሳቅን። ከዚያ «ግን ሰው የለም» አለች።

ረቡዕ ከሰዓት ሄድኩ። መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ተነካክቷል፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ አዳዲስ መብራቶች ቆመዋል። ሰው ይንሸራሸራል። ፎቁ ብቻ ነው ፊቱን ያዞረ የሚመስለው። ጥበቃው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«መጣህ?»

«መጣሁ ጋሼ። እንዴት ነዎት?»

«እንደምታየኝ። ላይ ነው፣ ውጣ።»

አንደኛ ፎቅ የጥርስ ክሊኒክና ኢንሹራንስ ሆኗል። የኔ ሱቅ የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ነች። የግል ኮሌጁ ወንበሮች ናቸው፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያለውን የያዘው እሱ ነው። ታፔላው ከወንበሮቹ ኋላ ቆሟል፣ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ። ቀዩ ቀለም ወደ ብርቱካን ሄዷል። ከመውሰዴ በፊት አዳራሹን ልይ ብዬ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ትምህርት ላይ ናቸው፣ ሒሳብ አያያዝ። ወለሉ ያው ወደ ፊት ዝቅ እያለ የሚሄደው የሲኒማው ወለል ነው። ተማሪዎቹ ፊልም እንደሚያይ ሰው ደረጃ በደረጃ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ያኔም ግድግዳ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ነበር። አልቀቡትም። መምህሩ ፕሮጀክተር አስገብቶ እዚያው ላይ ዴቢትና ክሬዲት ያሳያል። ኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ይተኛሉ። ሲኒማም ቢሆን ኋላ የሚቀመጡት ፊልሙን አያዩም ነበር።

ታፔላውን ይዤ ስወርድ ጥበቃው ረዱኝ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ አቆሙኝና ተነፈሱ።

«ያኔ እሁድ እሁድ እዚህ ደረጃ ላይ ሰው ይረጋገጥ ነበር» አሉ። «በዱላ ነበር የማስወርደው።»

«ዱላ አልነበረዎትም ጋሼ።»

«ነበረኝ። አልመታሁበትም እንጂ።»

ባጃጅ ቆመልን። ታፔላው አልገባ አለ። ሹፌሩ በገመድ ጣሪያው ላይ አሰረው። 20 ዓመት ቢሞላው ነው። ጽሑፉን ዞር ብሎ አነበበ።

«ቪሲዲ ምንድን ነው?»

ነገርኩት። ዲቪዲን ያውቃል፣ ግን ቪሲዲ ከዲቪዲ በፊት መሆኑን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ ለታፔላው ለብቻው ሂሳብ እንዳለ ነገረኝ። ተከራከርን። ሂርማታ ላይ እንደምከራከረው ግማሹን ጠራሁ፣ አልሳቀም፣ ከፈልኩ።

እናቴ ታፔላውን ስታይ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። በእጇ መታ መታ አደረገችው። ቆርቆሮው ደህና ነው አለች። ቅዳሜ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ በሱ መታሁላት። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆኖ ነው የተመታው፣ ዝናብ ቀለሙን እንዳያጥበው ብላ። ማታ ባትሪ ይዤ ገብቼ ስመለከት ዶሮዎቹ ከፍ ካለው እንጨት ላይ ተደርድረው «ኪራይና ሽያጭ» ከሚለው ሥር ተኝተዋል።